ቁጥር ዐሥራ አራት

ከግሌን ማራ ዳር፣ ባሕሩ ሲያገሳ፣
ጉድጓዱ ተዘግቶ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ፣ ከተማው ሲረሳ፣
አንድ አዳራሽ ቀረ፤ ጣውላው የሻከረ፣
ከበሩ ራስ ላይ ሁለት መዳፍ እንደተጨባበጠ የቀረ።

አምስት ነን የተረፍን።
ሄክተር ጆሮው ከድቶታል፣ ፊንሌይ ስሙን ዘንግቷል፤
ካለም ስብሰባው ሐሙስ ሆኖ ማክሰኞ ይመጣል፤
ሞራግ ቁልፉን ይዛለች፣ ለሴት መቶ ዓመት ያልተከፈተውን፣
እናቷ ከደጁ ቆማ በረዶ የመታትን።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገብ እጠብቃለሁ፣
ምድጃ አነዳለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ።

ከመድረኩ ኋላ ክራንች የሞላው ጓዳ አለ፤
እግሩ የተሰበረ ይወስዳል፣ «ፈርም» ሳይባል፣ «ማነህ» ሳይባል፤
ሲድን ይመልሳል።
ካልዳነም፣ ቤተሰቡ አጥቦ ይመልሳል።

ነገሩ የጀመረው ሦስተኛው ጉድጓድ የፈነዳ ዓመት፣
ሠላሳ አንድ ሬሳ በአንድ ቀን ሲወጣበት፣
የኩባንያው ሱቅ «ለመበለት ዱቤ የለም» ያለ ዕለት፣
ሰባት ሰው ተሰብስቦ ከጫማ ሰፊው ቤት፣
የትንባሆ ቆርቆሮ መሐል አስቀመጠ፤
ያለው ሳንቲም ጣለ፣
የሌለው ድርሻውን መቃብር እየቆፈረ ሰጠ።

ሰው ግን ስለ እኛ ሌላ ነው ያወራ፦
«ፍየል ይጋልባሉ ሌሊት፣ አጽም ፊት ይምላሉ በተራ።»
ምሥጢር ነበረን፣ አዎ፤ አንድ ብቻ፣ እርሱም ቀላል፦
የተረጂ ስም አይጻፍም፤ የቤት ቁጥር ይበቃል።

አባቴ ኢዮን ሊገባ ጠይቆ ነበረ።
ሣጥን አለ፤ ነጭ ኳስ «ይግባ» ነው፤ አንድ ጥቁር ከተገኘ፣ ቀረ።
አንድ ጥቁር ተገኘ።
የእሑድ ኮሌታውን ፈትቶ፣ ምስማር ላይ ሰቅሎ ተኛ።
የጣለውን መንደሩ ያውቃል፦ ቶርሞድ ማክአስኪል ነው፤
በአድማው ወራት አባቴ ዐሥራ አንድ ቀን ጉድጓድ ስለወረደ ነው።
እህቴ ታማ ነበር። ቶርሞድ ይህን አልጠየቀው።

አባቴን ሳንባው ገደለው። በዚያው ክረምት፣ በሌሊት፣
ደጃፋችን ላይ ሁለት ጆንያ ከሰል፣ በልኬ ጫማ፣ በወረቀት።
እናቴ «ቄሱ ናቸው» አለች፤ ሄዳ አመሰገነች በማግስት፤
ቄሱም አልካዱ። ምስጋና ማን ይጠላል፣ ሙቀት በጠፋበት?

ትናንት ቁም ሣጥኑን ሳራግፍ አይጥ የጀመረው መዝገብ ወደቀ፤
እንዲህ ይላል በቀይ ቀለም፣ ዳሩ የደበዘዘ፣ መሐሉ የደቀቀ፦
«ቁጥር ዐሥራ አራት። ከሰል፣ ሁለት ጆንያ። የልጅ ጫማ፣ አንድ ጥንድ።
ሟች አባል ስላልነበረ ከሣጥኑ ወጪ የለም።
ከአድራሹ ኪስ። አድራሽ፣ ት. ማክአስኪል።»
ደግሞ በሳምንቱ። ደግሞ በሳምንቱ። አራት ክረምት።

ተጸጽቶ ይሆን? እንጃ።
እኔ በተራዬ ስገባ ኳሱ ሁሉ ነጭ ነበር፣ እርሱም ከጣዮቹ አንዱ ነው፤
መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን እስኪሞት ፊቱን እንዳዞረ ነው።
ሬሳውን ነጭ ጓንት አጥልቄ ስሸከም
የአባልነት ግዴታ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ምን አውቄው።
ጥቁሩን የጣለ እጅ፣ ያው እጅ፣ ያለ ጓንት፣
ጥቁሩን ሲሸከም ኖሯል ወደ እኛ ቤት።

ለሞራግ ልነግራት ተነሣሁ። በሩ ተንኳኳ።
ከዓሣው ፋብሪካ አዲስ የመጣ ልጅ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ዳቦ አብጧል፣
ቋንቋችንን በቅጡ አይችል እንኳ።
በቁመቱ ክራንች መረጥኩለት፣ የሥሩን ጎማ ፈትሼ፤
ስሙን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት እጄን አነሣሁና፣
«ቤትህ ቁጥሩ ስንት ነው?» አልኩት፣ ብዕሬን አጥቅሼ።